ባሕር በወንዝ አፍ ሲገባ፤ ስለ ሆላንድ የጎርፍ መከላከያ የቀረበ ጥናት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ዝቅተኛ ሥፍራ የሚኖር ሕዝብ ከባሕር ጎርፍ የሚድነው በምን ዓይነት ዘዴ ነው? ዘዴውን የሚመርጠውስ ማን ነው? ወጪውንና ጉዳቱንስ የሚሸከመው ማን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ሕግና ኢኮኖሚክስ ለሚማረውም፣ ታሪክ ለሚያነበውም የቀረቡ ናቸው።

ለምሳሌ የመረጥነው በሆላንድ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ያለውን ዜላንድ የተባለውን አውራጃና በአጠገቡ ያሉትን ደሴቶች ነው። ይህ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ታላቅ መከራ ደርሶበት፣ ከዚያ በኋላ በብዙ ክርክር መከላከያውን ሠርቷል። የሠራው ሥራም ያቀደውን ጥቅም እንደሰጠው ሁሉ ያላሰበውን ጉዳት አምጥቶበታል። ስለዚህ ነገሩ ለተማሪ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ካልገለጽን በቀር ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

1. የወንዝ አፍ ምን ዓይነት ሥፍራ ነው?

ራይን፣ ማስና ስኬልዴ የተባሉት ሦስት ወንዞች ወደ ሰሜን ባሕር የሚገቡት በዚህ ሥፍራ ነው። ወንዞቹ ከባሕሩ ሲቃረቡ በየአቅጣጫው ይከፋፈላሉ፤ በክፍልፋዮቹም መካከል ደሴቶች ይገኛሉ። ባሕሩ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ጊዜ እየሞላ ወደ ወንዙ አፍ ይገባል፤ ሁለት ጊዜም እየጎደለ ይመለሳል። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። በዚህ መግባትና መውጣት ጨዋማው ውኃ ከጣፋጩ ይደባለቃል፤ ደለሉም በየዳርቻው ይረጋል። ዓሣ የሚራባው፣ ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳት የሚያድጉት፣ ወፎችም ከሩቅ አገር መጥተው የሚመገቡት እንዲህ ባለው ሥፍራ ነው።

ሰው ደግሞ አፈሩ ለም መሆኑን አይቶ ከአንድ ሺህ ዓመት ጀምሮ ዙሪያውን በአፈር ግድብ እያጠረ፣ ውስጡን በቦይ እያጠነፈፈ እርሻ አደረገው። ይህን ዓይነቱን የታጠረ መሬት ሆላንዶች «ፖልደር» ይሉታል። ነገር ግን አንድ ክፉ ነገር ተከተለ። ረግረግ የነበረ መሬት ውኃው ሲወጣለት ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይኰማተራል፤ ሲኰማተር ይሰምጣል። ከግድቡ ውጭ ያለው መሬት ግን ባሕሩ በየጊዜው ደለል ስለሚጨምርበት ከፍ ይላል። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን በጠበቀ መጠን ከባሕሩ በታች እየወረደ ሄደ። ዛሬ ከሆላንድ መሬት ከመቶው 26 ያህሉ ከባሕር ወለል በታች ነው። ከሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ በሮተርዳም አጠገብ ሲሆን፣ ከአምስተርዳም የውኃ ልክ በ6 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ግድብ ሲፈርስ የሚመጣው ጎርፍ እንደ ወንዝ ጎርፍ አልፎ የሚሄድ አይደለም፤ ገብቶ የሚተኛ ነው።

2. ባሕር ከልኩ በላይ የሚነሣው እንዴት ነው?

ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ አደጋ የሚሆኑትም ሦስቱ ሲገጥሙ ነው።

የመጀመሪያው የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን የሁለቱ ስበት ስለሚተባበር የባሕሩ ሙላት ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። ይህን ማንም አስቀድሞ ሊያሰላው ይችላል።

ሁለተኛው የአየር ክብደት ነው። ዐውሎ ነፋስ ባለበት ቦታ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ግፊቱ በአንድ ሚሊባር ሲቀንስ ባሕሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 40 ሚሊባር ቢቀንስ 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ነፋሱ ራሱ ነው። ብርቱ ነፋስ ለብዙ ሰዓት በአንድ አቅጣጫ ሲነፍስ የውኃውን ፊት እየገፋ ወደ ዳር ያከማቸዋል። ጥልቅ በሆነ ባሕር የተገፋው ውኃ ከታች በኩል መመለሻ ያገኛል፤ ጥልቀት በሌለው ባሕር ግን መመለሻው ጠባብ ስለሆነ ውኃው ይቆለላል። የሰሜን ባሕር ደግሞ ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር ጥልቀቱ እየቀነሰ፣ ስፋቱም በእንግሊዝና በሆላንድ መካከል እየጠበበ የሚሄድ እንደ ማንቆርቆሪያ ያለ ባሕር ነው። ስለዚህ ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ የሚገፋው ውኃ ሁሉ የሚሰበሰበው ወደ ዜላንድና ወደ ቴምዝ ወንዝ አፍ ነው። የወንዝ አፍ ደግሞ በተፈጥሮው ሰፊ በር ያለው ሆኖ ወደ ውስጥ ስለሚጠብ፣ የገባው ውኃ በጠባቡ ቦታ ከፍታው እንደገና ሊጨምር ይችላል።

3. የ1953 ዓ.ም. ሌሊት

በ1953 ጥር 31 ቀን ቅዳሜ ማታ ሦስቱም ምክንያቶች ገጠሙ። ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ገና ሁለት ቀን ያህሏ ነበር፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያለፈው ዐውሎ ነፋስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወረደ። ወደ የካቲት 1 ቀን እሑድ በሚያነጋው ሌሊት ቭሊሲንገን በተባለው ወደብ ውኃው ከአምስተርዳም ልክ 4 ሜትር ከ55 ሳንቲ ሜትር በላይ ደረሰ። ግድቦቹ በየቦታው ተሸነፉ። በሆላንድ 1,836 ሰዎች ሞቱ፤ በእንግሊዝም ጠረፍ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም መካከል በቴምዝ አፍ ባለችው በካንቪ ደሴት የነበሩት ከ50 በላይ ናቸው። በቤልጂግና በባሕር ላይ በነበሩ መርከቦችም ብዙ ሕይወት ጠፋ።

ግድቦቹ የፈረሱበትን ሁኔታ ማስተዋል ይጠቅማል። ብዙዎቹ የፈረሱት ባሕሩ ፊት ለፊት ገፍቶ አይደለም። ውኃው በግድቡ ራስ ላይ እያለፈ በውስጥ በኩል ቁልቁል ሲፈስ፣ ያ የውስጥ ጎን ቀጥ ያለና ደካማ ስለ ነበረ አፈሩን ከኋላ እየሸረሸረ አፈረሰው። ሰው ጠላቱን በፊት ለፊት ሲጠባበቅ ግድቡ ከጀርባው ተበላ ማለት ነው። ደግሞም ብዙ ሰው የሞተው በመጀመሪያው ሙላት ብቻ አይደለም። በሌሊቱ ጎርፍ በቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው የተረፉ ሰዎች፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ሙላት በፈረሰው ግድብ ሲገባ ቤቱ ከሥራቸው ፈርሶ ሰጠሙ። በሁለቱ ሙላቶች መካከል የነበሩት ሰዓቶች ሰው ማዳኛ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ ግን ጀልባም ወሬም በጊዜ አልደረሰም።

4. ዕውቀት ነበር፤ ጆሮ ግን አልነበረም

«ይህ የተፈጥሮ ቁጣ ነው፤ ማን ሊያውቀው ይችል ነበር?» የሚል ሰው ቢኖር መልሱ እንዲህ ነው። ራይክስዋተርስታት በተባለው የመንግሥት የውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ዮሃን ቫን ቬን የሚባል መሐንዲስ፣ ግድቦቹ ከሚገባቸው ከፍታ በታች መሆናቸውን ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እያጠና ለአለቆቹ ያቀርብ ነበር። በ1939 ስለዚሁ ጉዳይ የሚመረምር ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ነገር ግን ጦርነት መጣ፤ ከጦርነቱም በኋላ ለፈረሱት ከተማዎችና ፋብሪካዎች ገንዘብ ስለሚያስፈልግ የግድቡ ነገር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ቫን ቬን የወንዞቹን አፎች ስለ መዝጋት ያዘጋጀው ማስታወሻ የቀረበው በ1953 ጥር 29 ቀን ነው፤ ይኸውም ጎርፉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ይህ ሰው በትሮይ ታሪክ እውነት ተናግራ የሚያምናት ባጣችው በነቢይቱ በካሳንድራ ስም ይጽፍ እንደ ነበር ይታወቃል።

የማስጠንቀቂያውም ነገር እንደዚሁ ነው። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ቅዳሜ ማታ «አደገኛ የሆነ ከፍተኛ ውኃ ይመጣል» ብሎ አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ቴሌግራሙ የሚላክላቸው ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ቀኑም የዕረፍት ቀን ስለሆነ በየቢሮው ሰው አልነበረም፤ ራዲዮም በዚያ ዘመን እኩለ ሌሊት ላይ ሥራውን ያቆም ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ውኃው ደረሰበት። ግድቦቹን የሚጠብቁት የውኃ ሸንጎዎችም በዚያን ጊዜ በሁለት ሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሸንጎዎች ስለ ነበሩ፣ እያንዳንዱ ገንዘቡ ጥቂት፣ መሐንዲሱም አንድ ወይም ምንም ነበር። (ዛሬ ተዋሕደው 21 ብቻ ሆነዋል።)

ከዚህ የምንረዳው ዕውቀት ቢሮ ውስጥ መኖሩና ዕውቀት ለሕዝብ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

5. የዴልታ እቅድ

ከጎርፉ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዴልታ ኮሚሲዮን የተባለ የአዋቂዎች ጉባኤ ተሰየመ። የመጨረሻው የፈረሰ ግድብ አውወርኬርክ በተባለ ቦታ የተዘጋው በ1953 ኅዳር 6 ቀን ነው፤ የተዘጋውም ከጦርነቱ ዘመን በቀረ ዓይነት ታላላቅ የሲሚንቶ ሣጥን ነው። ያን ያህል ጊዜ ሙሉ ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በሰው እርሻ ላይ ይገባና ይወጣ ነበር ማለት ነው።

የኮሚሲዮኑ አሳብ በአጭሩ ይህ ነበር። የየደሴቱን ግድብ ሁሉ ከፍ ከማድረግ ይልቅ የወንዞቹን አፎች በባሕሩ በኩል መዝጋት ይሻላል፤ እንዲህ ከሆነ ባሕሩን የሚጋፈጠው መሥመር በ700 ኪሎ ሜትር ያህል ያጥራል። ሁለት አፎች ግን አይዘጉም፤ አንዱ መርከቦች ወደ ሮተርዳም፣ ሁለተኛው ወደ አንትወርፕ የሚገቡበት ነውና። የዴልታ ሕግ በ1958 ጸደቀ። ሥራውም ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተባለ ተሠራ። በ1958 ከሮተርዳም በስተምሥራቅ ያለው የሆላንድ አይሰል ወንዝ መዝጊያ፣ በ1961 የቬሬ፣ በ1971 የሃሪንግቭሊትና የብራወርስ ግድቦች ተፈጸሙ። ከትንሹ የተጀመረው በከንቱ አይደለም፤ የባሕርን ኃይል በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ የለምና መሐንዲሶቹ እየሠሩ መማር ነበረባቸው።

6. ግድብ ምን ያህል ከፍ ይበል? የሒሳቡ ነገር

ከዚያ በፊት የግድብ ከፍታ የሚወሰነው «ካየነው ከፍተኛ ውኃ ትንሽ ጨምረን» በሚል ዘዴ ነበር። ኮሚሲዮኑ ግን ቫን ዳንትዚግ የተባለውን የሒሳብ ሊቅ አማከረ፤ እሱም በ1956 ባሳተመው ጥናት ጥያቄውን በሌላ መንገድ አቀረበው። አሳቡን በራሳችን ምሳሌ እናስረዳለን።

በአንድ ፖልደር ውስጥ ያለው ንብረት 100 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ጎርፍ የመግባቱም ዕድል በየዓመቱ ከመቶ አንድ ነው እንበል። የዓመቱ የጉዳት ግምት 1 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ግድቡን በአንድ ሜትር ብናሳድገው ዕድሉ ከሺህ አንድ ይሆናል፤ የጉዳቱም ግምት ወደ 100,000 ብር ይወርዳል። የዳነው በዓመት 900,000፣ በ50 ዓመት 45 ሚሊዮን ነው። የሥራው ዋጋ 5 ሚሊዮን ከሆነ ማንም «ይሠራ» ይላል። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ሜትር እንጨምር፤ ዕድሉ ከዐሥር ሺህ አንድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚድነው በዓመት 90,000፣ በ50 ዓመት 4 ሚሊዮን ተኩል ብቻ ነው። ሁለተኛው ሜትር 6 ሚሊዮን የሚፈጅ ከሆነ ሒሳቡ «ተው» ይላል። (የገንዘብ ወለድን ለማቅለል ትተነዋል።)

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛው፣ «ከመቶ ዓመት አንድ ጊዜ» የሚባለው ጎርፍ ለመቶ ዓመት ዕረፍት ይሰጣል ማለት አይደለም። ዕድሉ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ከሆነ፣ አንድ ሰው በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎርፉን የማየቱ ዕድል ከመቶ 26 ያህል ነው፤ ከአራት አንድ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን ከሒሳብ በላይ ነው። ሚዛኑ ንብረት ከሆነ ሀብታም ያለበት ግድብ ከድኻው ግድብ ይበልጥ ከፍ ማለቱ የማይቀር ነው። እንደዚሁም ሆነ። ታላላቆቹ ከተማዎች ላሉበት ለመካከለኛው ሆላንድ የተወሰነው ልክ በዓመት ከ10,000 አንድ ሲሆን፣ ለዜላንድ የተወሰነው ከ4,000 አንድ ነው። በ1953 የሞተው ሰው ግን ይበልጡን የዜላንድና የደቡብ ደሴቶች ሰው ነበር።

ይህ ነቀፌታ ከንቱ አልቀረም። በ2017 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ማንኛውም ከግድብ በስተኋላ የሚኖር ሰው፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ፣ በጎርፍ የመሞቱ ዕድል በዓመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከዚህ ወለል በላይ ብዙ ሰውና ብዙ ንብረት ላለበት ሥፍራ ጥበቃው ሊጨመር ይችላል፤ ከወለሉ በታች ግን ማንም አይወርድም። ሒሳቡን ከመጣል ይልቅ ወለል እንዲኖረው ማድረግ የተሻለ መሆኑን በበኩላችን እናምናለን።

7. ይዘጋ ወይስ ይከፈት? የኦስተርስኬልዴ ክርክር

ከሁሉ ትልቁ የወንዝ አፍ ኦስተርስኬልዴ ይባላል፤ የአፉ ስፋት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእቅዱ መሠረት በ1978 ፈጽሞ ሊዘጋ ታስቦ ነበር፤ 5 ኪሎ ሜትር ያህሉም ተሠርቶ አልቆ ነበር። በዚህ ጊዜ ተቃውሞ ተነሣ። የርሴኬ በተባለችው መንደር የሚኖሩት ዓሣ አጥማጆች ኑሯቸው ኦይስተርና ሙስል በሚባሉት ዛጎል ለባሽ እንስሳት ላይ የተመሠረተ ነው። እነዚህ እንስሳት ጨው ያለበት፣ በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ ውኃ ካላገኙ አይኖሩም። ሥነ ፍጥረትን የሚያጠኑ ሰዎችም ቀደም ብለው የተዘጉት አፎች ምን እንደሆኑ እያሳዩ አብረዋቸው ቆሙ፤ ውኃው እየተኛ፣ ከሥሩ አየር እያጣ መሄዱ ታይቷልና።

በሌላው ወገን ደግሞ የገበሬዎቹና ዘመዶቻቸው የሞቱባቸው ሰዎች ነበሩ። «የሞቱትን ያየን እኛ ነን፤ ስለ ዛጎል ብላችሁ ልጆቻችንን ለባሕር ልትሰጡ ነውን?» የሚለው ነገራቸው ቀላል አልነበረም። ሁለቱም ወገኖች የአንድ አገር፣ አንዳንዴም የአንድ ደሴት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ በክርክር አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ማድረግ እንወድዳለን፤ እዚህ ግን እውነት ከእውነት ጋር ነው የተጋጨው።

መንግሥቱ በ1974 ሥራውን አቁሞ አዲስ ጥናት አዘዘ፤ በ1976ም ሦስተኛ መንገድ ተመረጠ። በሰላም ጊዜ ተከፍቶ የሚውል፣ ማዕበል ሲመጣ ብቻ የሚዘጋ በር እንዲሠራ ተወሰነ። ይህ ከተራ ግድብ እጅግ የሚከብድና የሚወደድ ሥራ ነው። 65 የሲሚንቶ ምሰሶዎች በደረቅ ቦታ ተሠሩ፤ ትልቁ 18,000 ቶን ያህል ይመዝናል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠሩ መርከቦች እያነሡ በባሕሩ ወለል ላይ አቆሟቸው። በምሰሶዎቹም መካከል 62 የብረት በሮች ገቡ፤ የእያንዳንዱ በር ስፋት 42 ሜትር ያህል ነው። መርከቦቹ የተሰየሙት ክርክሩን ባስነሡት ዛጎል ለባሾች የላቲን ስም ነው። መዝጊያው በ1986 ጥቅምት 4 ቀን በንግሥት ቤያትሪክስ ተመረቀ። ውኃው ከአምስተርዳም ልክ 3 ሜትር በላይ ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ በሮቹ ይወርዳሉ።

8. መፍትሔው ያመጣው አዲስ ችግር

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ምሰሶዎቹ ራሳቸው የአፉን ክፍት ቦታ ስላጠበቡት የሚገባውና የሚወጣው ውኃ ቀነሰ፤ በየርሴኬ የሙላትና የጉድለት ልዩነት ከ3 ሜትር ከ70 ወደ 3 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጉልበቱ የቀነሰ ውኃ አሸዋ ተሸክሞ ወደ ደለሉ ሜዳ ማውጣት አይችልም፤ ማዕበል ግን ከሜዳው ላይ አሸዋ ማውረዱን አይተውም። ስለዚህ በጉድለት ጊዜ የሚታየው የአሸዋ ሜዳ ከዓመት ወደ ዓመት እየሟሸሸ ነው። ሆላንዶች ይህን «የአሸዋ ረኃብ» ይሉታል። ሜዳው ለወፎች ብቻ የሚጠቅም አይምሰለን፤ ማዕበልን ከግድቡ በፊት የሚያደክመው እሱ ነው። በ2019 እና በ2020 ሮገንፕላት በተባለው ሜዳ ላይ አሸዋ በመርከብ እየተወሰደ መልሶ ፈሰሰበት።

ፈጽመው የተዘጉትም አፎች እየተከፈቱ ነው። የቬሬ ሐይቅ ውኃው ስለ ተበላሸ በ2004 የባሕር ውኃ የሚያስገባ መተላለፊያ ተከፈተለት። በሃሪንግቭሊትም ከ2018 ጀምሮ ከባሕር ወደ ወንዝ የሚሄዱ ዓሣዎች እንዲያልፉ በሮቹ በጥቂቱ ይከፈታሉ።

የወደፊቱም ነገር አለ። የዓለም ባሕር ወለል ከ1901 እስከ 2018 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሥቷል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው። ባሕሩ በተነሣ ቁጥር መዝጊያው የሚዘጋበት ቀን ይበዛል፤ በጣም ከበዛ ደግሞ በር የተባለው ነገር ግድብ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ክርክርም እንደገና ይነሣል።

9. ገንዘብ የሌለው ሕዝብስ?

«ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ስለዚህ ወደ ባንግላዴሽ እንመልከት። የጋንጅስና የብራህማፑትራ ወንዞች ወደ ባሕር በሚገቡበት በዚህ አገር፣ በ1970 ኅዳር ወር በመጣው ማዕበል ከ300,000 የማያንስ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ከዚያ በፊት በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙ ፖልደሮች ተሠርተው ነበር። ግድቦቹ ጨዋማውን ውኃ ከሩዝ እርሻ አገዱ፤ ነገር ግን ደለሉም ከእርሻው ላይ ቀረና በወንዙ ውስጥ ተከመረ። የወንዙ ወለል ከእርሻው በላይ ከፍ ሲል የዝናቡ ውኃ መውጫ አጥቶ ሜዳው ለዓመታት በውኃ ተያዘ። በ1990 ቢል ዳካቲያ በተባለው ሥፍራ ገበሬዎች ራሳቸው ግድቡን ቆረጡት። የሙላቱ ውኃ ደለል ይዞ ገብቶ መሬቱን ከፍ ያደርጋል፤ ሲመለስም ወንዙን ይጠርጋል። በኋላ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ይህን ዘዴ አጥንተው ተቀበሉት። ያልተማረ የተባለው ገበሬ የወንዙን ጠባይ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሰውን ሕይወት በማዳን በኩል ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀው የማስጠንቀቂያው ሥራ ነው። በ1972 በየመንደሩ ፈቃደኞችን የሚያሠለጥን ድርጅት ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ ፈቃደኞች አሉት። ሥራቸው ባንዲራ መስቀል፣ በድምፅ ማጉያ መጮህ፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን በዐምድ ላይ ወደ ቆመው የመጠለያ ቤት ማድረስ ነው። በ1991 በመጣው ማዕበል ከ130,000 በላይ ሰው ሞተ፤ በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ግን የሞቱት ከ3,000 በላይ ነበሩ። ይህም ቢሆን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ልዩነቱን ያመጣው የብረት በር አይደለም። ወሬው ከቢሮ ወጥቶ ከመጨረሻው ጎጆ መድረሱና የመጠለያው መኖር ነው።

10. ከኛ ጋር የሚያገናኘው

እኛ የባሕር ጠረፍ የለንም። ነገር ግን ሌሊት የሚመጣ ውኃ አለን። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አፍ፣ በዳሰነች ሕዝብ ላይ ደርሶ ብዙ መቶ ሰዎችን አጠፋ። የዳሰነች ገበሬ ደግሞ የሚዘራው ወንዙ ሞልቶ በሸሸበት ደለል ላይ ነው፤ ውኃው ሲበዛ ይገድለዋል፣ ሲቀር ያስርበዋል። ከየርሴኬ ዓሣ አጥማጅና ከዜላንድ ገበሬ የሚለየው ሁለቱን ፍርሃቶች በአንድ ራሱ መሸከሙ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሥፍራ እቅድ የሚያወጣ ሰው «ጎርፉን አስቀርቼላችኋለሁ» ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ጎርፍ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህሉን ብሎ መጠየቅ አለበት።

11. ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት ያገኘናቸውን ነጥቦች በአጭሩ እንዘርዝር።

ሀ) ማስጠንቀቂያ ከሁሉ የሚረክስና ከሁሉ ቶሎ የሚደርስ መከላከያ ነው፤ ግን እሑድ ሌሊትም የሚሠራ መሆን አለበት።

ለ) ግድብ ወይም መዝጊያ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የሚጠብቀው፣ የሚያድሰውና ስለ እሱ ግብር የሚከፍል ሸንጎ ከሌለው በስተኋላው ሰውን አታሎ የሚያስቀምጥ ካብ ነው።

ሐ) ውኃን የሚያግድ ሥራ ሁሉ ደለልንም ዓሣንም ያግዳል። ከመሠራቱ በፊት በዚያ የሚኖረው ሰው ይጠየቅ፤ ሲጠየቅም መልሱ እቅዱን ለመለወጥ የሚችልበት ጊዜ ሳያልፍ ይሁን።

መ) ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ግን ለማንም ሰው ሕይወት ወለል የሌለው ሒሳብ ድኻውን በዝቅተኛው ግድብ በስተኋላ ያስቀምጣል።

ከኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፣ ዳኛ፣ የበጀት ሹም ወይም የአየር ጠባይ መርማሪ የሚሆኑ አሉ። የቫን ቬንን ማስታወሻ የሚጽፈው አንዱ ይሆናል፤ ማስታወሻውን ተቀብሎ በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠውም ሌላው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይማራሉ። ስለ ሐ ነጥብ የማይስማማ ጓደኛ ካለ፣ ይልቁንም የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ተቃውሞውን ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው ቁጥር ለማውጣት ዝግጁ ነን።